ጥጥ በጠፋበት ዓመት እናቴ ያወጣችው ሰደቃ

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባሁ ቀን ካቦው መጀመሪያ ያየው ፀጉሬን ነው። «ሻሽሽን አጥብቀሽ እሰሪ፤ መኪናው ሰው አይመርጥም» አለና ፈትል ክፍል አስገባኝ። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ሥራው ሲነግሩት ቀላል ነው፤ ረጅሙን የፈትል መኪና እየዞሩ የተበጠሰውን ክር መቀጠል። መኪናው ግን አይቆምልህም፤ ክሩ የሚጠቀለልበት ቦቢን እየተሽከረከረ ጫፉን በጣትህ ይዘህ ትቀጥላለህ። ያን ቀን ጣቶቼ ተላላጡ፣ የቀጠልኩት ሁሉ ተመልሶ ተበጠሰ። ቤቴ ስገባ ነገ አልሄድም ብዬ ማልኩ። በማግስቱ የፋብሪካው ሰርቪስ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ሮጬ የወጣሁት እኔው ነኝ።

እጄ ሲፈታ ጎበዝ ወጣኝ። ከፈረቃው ቀድሜ ቦቢን የምሞላ እኔ ነበርኩ። ውሎ አድሮ አዲስ ገቢዎችን አሠልጥኚ ተባልኩ። ምላሴም እንደ እጄ ነው፤ ካቦው ራሱ ሳይፈራኝ አይቀርም። አንዴ ልጆቹን ዝም ብሎ ሲቆጣ «ና አንተ ቀጥለህ አሳያቸው» ስለው ቢሮው ገብቶ ተቀመጠ።

ባሌ ሲሞትብኝ ሁለት ልጆቼን ይዤ እትዬ አስካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እትዬ አስካለ ክርስቲያን ናቸው፤ ባልም ልጅም የላቸው፣ በኪራይና በእጃቸው ፈትል የሚተዳደሩ። ስንት ዘመን ስንኖር ክፉ ደግ አልተነጋገርንም። እኔ ደግሞ ገመናዬን ለሰው ማሳየት አልወድም። ቢርበኝ ጥርሴን ፍቄ የምወጣ ሴት ነኝ።

ከዚያ ጥጥ ጠፋ። ዛሬ አንዱ መኪና ቆመ፣ ነገ ሌላው ቆመ፣ ኋላ አዳራሹ ጭር አለ። ካቦው ሰብስቦን ጥጥ እስኪመጣ እቤታችሁ ጠብቁ አለን። እስከ መቼ ብንለው እሱም አያውቅ። ደመወዙ መጀመሪያ ተቆረጠ፣ በኋላም ቀረ።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጠዋት ጠዋት የሥራ ጋዋኔን ለብሼ እወጣለሁ። እትዬ አስካለ ሥራ ያለሁ እንዲመስላቸው። አንዳንዴ ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያን ምንም ሳልገዛ ስዞር እውላለሁ። ኪራይ ከከፈልኩ ከርሟል። ከቤቱ ካስወጡኝ ልጆቼን ከትምህርት ነቅዬ ደሴ ዙሪያ ገጠር እናቴ ዘንድ መግባቴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፋብሪካውም ሲከፈት አያገኘኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ እናቴ ለአረፋ የምትቀልበው በግ። ሸጠን ኪራዩን እንከፍላለን ብዬ ላክሁባት። እናቴ በጉን እየጎተተች መጣች፣ ደስ አለኝ። አረፍ እንዳለች ግን በጉ ለሰደቃ ይታረዳል፣ ዱዓ እንዲያደርጉልን ሼህ እንድሪስንም ጠርቻለሁ አለችኝ።

ወላሂ ያበድኩ መሰለኝ። «እማዬ፣ አላህ ኪራይ አይከፍልም» አልኳት።

«አስተግፊሩላህ በይ» አለች። «ቸግሮሽ የለ? አሁን ካልሰደቅን መቼ ልንሰድቅ ነው? ሲተርፍማ ማንም ይሰጣል።»

በጉ ታረደ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ለእትዬ አስካለ እናቴ ከራሳቸው ቤት ድስት ተውሳ፣ ሥጋው ሳይነካው ሽሮ ለብቻ ሠራችላቸው፤ በእኛ አገር ደንቡ ነው። እሳቸውም በሩ ጋ ተቀምጠው በሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንደተሰገደ ዱዓው ተጀመረ። ሼህ እንድሪስ እያንዳንዱን ሐጃህን፣ የልብህን ጉዳይ ተናገር ይላሉ፤ አንዱ ዝናብ ይላል፣ አንዱ ልጅ ይላል፣ ቤቱ አሚን ይላል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጤና ብዬ ልገላገል ነበር። እናቴ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

«ሥራ ቆሟል» አልኩ። «ኪራይ መክፈል አቅቶኛል። ልጆቼን ይዤ ገጠር እንዳልመለስ ዱዓ አድርጉልኝ። ፈርቻለሁ።» ከዚያ ወዲያ እንባዬ ቀደመኝ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። በበሩ በኩል ደግሞ እትዬ አስካለ አሜን ሲሉ ሰማሁ። ተናግሬ ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ፤ ያን ሌሊት ልጆቼን አቅፌ እንቅልፍ እስክጠግብ ተኛሁ።

ጠዋት እትዬ አስካለ በሬን አንኳኩ።

«አንቺ፣ በአንድ ግቢ እየኖርን ችግርሽን ከዱዓ ላይ ልስማ? ሰርቪሱ መቅረቱን አላውቅም መስሎሽ ነው ጋዋን ለብሰሽ ስትወጪ የከረምሽው?»

አፈርኩ። «ኪራዩን ግን እትዬ...»

«ኪራዩ ይደርሳል። አንቺም የትም አትሄጂ። እንዝርት ታውቂያለሽ?»

ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ፈትል ክፍል የጨረስኩ ሴት እንዝርት ታውቂያለሽ ስባል! አለማወቄን ያወቅሁት ስይዘው ነው። የመኪና ክር ጠንካራ ነው፣ እጄም ያንኑ ለምዶ አክርሬ አክርሬ ፈተልኩ። ልቃቂቱን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ሸማኔው ዳሰስ አደረገና «እህቴ፣ ማግ የሚሆን ክር ለስላሳ ነው፤ ይሄ አህያ ያስራል» ብሎ መለሰልኝ። እትዬ አስካለ ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናቴም ገና አገሯ አልተመለሰችም ነበርና አብራ ሳቀች። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው እንደ ሕፃን አስተማሩኝ፣ ላላ አድርጊው እያሉ። ሲገባኝ ያ ሸማኔ ራሱ ደንበኛዬ ሆነ። ልጆቼ ከትምህርታቸው አልቀሩም።

ከክረምቱ በኋላ ጥጥ መጣ። ሰርቪሱ ጥሩምባውን የነፋ ጠዋት እትዬ አስካለ ከእኔ ቀድመው ደጅ ወጥተው እልል አሉ። እዚያው ፋብሪካ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ፣ እዚያው ግቢ ኖርኩ። አልሐምዱሊላህ፣ የጎደለብኝ የለም።

አሁንም መኪና ሲቆም ያሠለጠንኳቸው ልጆች ይመጣሉ፣ ምን እናድርግ ይሉኛል። ጭንቀታችሁን ለአላህ ስጡ እላቸዋለሁ። ስትሰጡ ግን ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። አላህ በሹክሹክታም ይሰማል፤ ጎረቤት አይሰማም።