ማገሩ የሰጠን መልክ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቂርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የዕፅዋትን የሕዋስ ግድግዳ የማስረዳው በካዛንቺሱ የጭቃ ቤቴ ነበር፤ ሌላ ምሳሌ አላውቅማ። «ውሃ ከውስጥ ይገፋል» እላለሁ፣ ሆዴን ነፍቼ። «ግድግዳው ላይ ደግሞ ልክ እንደ ማገር ዙሪያውን የተጠመጠሙ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ሕዋሱ ወደ ጎን ልስፋ ቢል ክሮቹ ይይዙታል፤ ስለዚህ ይረዝማል። ግንድ ሽቅብ የሚመዘዘው በዚህ ነው።» ቀጥዬ ቀበቶዬን አሳያለሁ፤ ማገሩ የላላ አስተማሪ ወደ ጎን ያድጋል። ተማሪዎቼ ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሱት ሆዴን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ግን የዓይኗ ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ስለ ግድግዳ ከእኔ በላይ ገባት። ቤት ውስጥ የምትሄደው መዳፏን ግድግዳው ላይ እየሳበች ነው። ጭቃው ረግፎ ማገሩ የወጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ ጓዳ ትታጠፋለች። ልምረገው ስል፣ «ተው፣ የጓዳ በሬ እሱ ነው» ትለኛለች።

ሠፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል የጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። እሷ በምን ትሄዳለች? ኡራኤል በኩል ወደቆመው የአፍራሾች አለቃ ሄድኩ። ቁጣዬን መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። «አባባ፣ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ቀድመው ቢያነሱ ይሻላል፤ ማሽኑ ከገባ ይሰባብርብዎታል» አለኝ በትህትና። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተመለስኩ። እንግዲህ ስቆጣ እንዲህ ነኝ።

ቤቴን በገዛ እጄ አፈረስኩ። ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ጭቃው በአንድ ምት ይረግፋል፤ ማገሩ ግን ምስማሩን አልለቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ የቱ ጋ ደረስክ?»

«ጓዳው ጋ።»

«በሬ አለ?»

«አለ» አልኳት። ማገሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ነበር።

አሁን ያለንበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ልሙጥ ነው። የገባን ዕለት መዳፏን ዳር እስከ ዳር ሳበችበት፤ የሚያስቆማት ነገር አላገኘችም። «ይሄ ምንም አይናገርም» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም።

«ተነሺ በቃ፣ ትከሻዬን ያዢ።»

«አንተን? ራስህ ትወላገድ የለ እንዴ። በመስኮት ልታወጣኝ ነው?»

እኔ ሳቅሁ። እሷ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ፊቷን አዞረች። ካዛንቺስ ሳለን ቀጥ ብላ ነበር የምትተኛው።

በቤተ ሙከራ የሕዋስን ግድግዳ አሟሙቶ ማንሳት ይቻላል። ሕዋሱ ወዲያው አይሞትም፤ ረጅም የነበረውም፣ ማዕዘን የነበረውም ይድቦለቦላል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከተውት ደግሞ ይፈነዳል። ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እያሳቅሁ አስተምሬዋለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም። ምሳዋን አልጋዋ ድረስ አመጣሁላትና እስክትዞርልኝ ሰሐኑን ይዤ ቆምኩ።