የጁምዓ ግራሶ

ልጅ እያለሁ የግራሶ ሽታ ከእጄ አይለቅም ነበር። በሳሙና ብፈገፍገው፣ በአሸዋ ባሸው፣ ከጥፍሬ ሥር የቀረው ጥቁር መስመር የትም አይሄድም። ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ደብተሬን ሲዋስ በሁለት ጣቱ ነበር የሚያነሳው። እኔ ግን እኮራበት ነበር፤ ከሚሴ ውስጥ ትራክተር የሚነዳ አባት ያለው ስንት ልጅ ነበር?

አባቴ የጨፋ ሜዳን ማሽላ ከማሳ ወደ ከተማ በተሳቢ ያመላልስ ነበር። ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያዘው የእጄን አንጓ የሚያህል አንድ ፒን ነው። ያን ፒን በየሳምንቱ መንቀል፣ አሮጌውን ግራሶ ናፍጣ በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ብረቱ ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ አዲስ ቀብቶ መመለስ ያስፈልጋል። በግራሶ ላይ ግራሶ የሚደርብ ሰው ለአባቴ ሳይታጠብ ሽቶ እንደሚቀባ ሰው ነው። ችኮላ ካየብኝ ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለኝ ነበር።

ሥራው የሚደርሰኝ ጁምዓ ጠዋት ነው። ከሶላት በኋላ ጭነት ስላለ ፒኑ ቀድሞ መሰናዳት አለበት፤ አባቴ ግን በዚያ ሰዓት ግራሶ አይነካም። ግራሶ የያዘውን ቆዳ ውሃ ስለማያገኘው የሶላት ትጥበቴ፣ ውዱኤ፣ አይሞላም ይላል። እኔ ገና ሶላት ግዴታ ያልሆነብኝ ልጅ ስለነበርኩ ፒኑ ለእኔ ተተወ።

አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ መስጊድ ከትልልቆቹ ጋር መሰለፍ አማረኝ። የሰፈሬ ልጆች ጀምረው ነበር፤ እናቴም ነጭ ኮፍያ ገዛችልኝ። ያን ጁምዓ ጨርቁን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እጄ ከተበላሸ እንዴት ልሰለፍ ነው? እንጨት ፈለግሁና ፒኑን ሳልነቅል፣ ሳልጠርግ፣ ዙሪያውን አዲስ ግራሶ ለቀለቅሁት። ከላይ ሲያዩት እንደሙሽራ ያብለጨልጫል። አባቴ ጀለቢያውን ለብሶ ብቅ አለ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ነቅለህ፣ ጠርገህ አየኸው?»

«አዎ አባ፣ ደህና ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኑ ቆሜ ሰገድኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ማሽላውን ጭነን ስንመለስ፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ሉባባ ከክምሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ላይ ሆና የቦርከናን ወንዝ ማየት ትወዳለች። እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ። ከማሳው ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ዳገት ስናጋምስ ትራክተሩ ድንገት ቀለለው። ያ መቅለል እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ዞር ስንል ተሳቢው ወደ ኋላ እየተንከባለለ ነው። ሉባባ አልጮኸችም፤ አገዳውን ጨብጣ ታየናለች። ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ሲገለበጥ አባቴ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ነበር።

ሉባባ ተረፈች፤ ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። የተሰበረው ፒን መሃሉ ተበልቶ እንደ ጣት ቀጥኖ ነበር። የጠረገው ሰው ሳያየው አያልፍም። አባቴ ፒኑን አይቼ መበላቱ ያልገባኝ መሰለው። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ለተሰበሰበው ዘመድ «ልጅ ምን ያውቃል፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ» ሲል ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ሰማሁት። አፌን ከፈትኩ፣ ፈራሁና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አባቴ መሪ አልጨበጠም።

ሃያ ዓመት ያህል እንዲሁ ኖርን። ሉባባን ሊያገቡ የጠየቁ ሰዎች መጥተው፣ ምርኩዟን አይተው ሄዱ። አባቴ ይህን ባየ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለቀ፣ በመጨረሻ አልጋ ላይ ወደቀ። ሁለታችንንም አስጠራን።

«እግርሽን የበላሁት እኔ ነኝ፤ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«አፉ ብያለሁ አባ፣ ለአላህ ብዬ።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተም አፉ በለኝ። በልጅ ጫንቃ ላይ የአዋቂ ሥራ ጫንኩብህ።»

ሉባባ እያየችኝ ነበር። «አፉ ብያለሁ» አልኩት። በማግስቱ ሞተ።

ልጅ ሆኜ ብናገር ቢበዛ አርጩሜ ነበር የሚጠብቀኝ። ዛሬ ለማን ልናገር? ለሉባባ ብነግራት አባቷን ያለ ጥፋቱ ይቅር እንዳለች ታውቃለች፤ እሱ ደግሞ ከአፈር ተነስቶ አይሰማ። ለዒድ መቃብሩን ስንዘይር ምርኩዟን መሬት ላይ ታስተኛና እጇን ትዘረጋለች።

«ያ ረቢ፣ በእኔ ላይ ያደረሰውን ይቅር በለው።»

ቀና ብላ ታየኛለች። «አሚን» እላለሁ።