የበረሮ ኩስ ያለበት ሬዚስተር

ከባሕር ዳር እስከ እንፍራንዝ የሬዚስተር ቀለም እንደኔ የሚያነብ ሰው አልተፈጠረም። የስንዴ ቅንጣት በምታህል ዕቃ ላይ የተጠመጠሙትን መስመሮች ከጣና ማዶ ብታሳዩኝ እንኳ ኤሌክትሪክ የመግታት አቅሟ ስንት ኦም እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቡናማ አንድ፣ ቀይ ሁለት እያልሁ ሳወርደው የቅኔ ተማሪ ይቀናብኛል። ይህ ሁሉ ግን ዕቃው ንጹሕ ሲሆን ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሐይቁ ማዶ ካለ ደብር አንድ መሪጌታ የድምፅ ማጉያውን አምፕሊፋየር ከነማይኩ በጋቢ ጠቅልለው ሐይቁ ዳር ካለችው የጥገና ሱቄ ገቡ።

"ነገ ንግሥ ነው፤ ማይካችን ዝም አለ" አሉኝ። ድምፃቸው በጉንፋን ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። "እንዲህ ሆኜ ያለ ማይክ ማን ይሰማኛል? ማታ ጀልባው ሳይሄድ አድርስልኝ።"

"መሪጌታ፣ ይቀመጡ። ሻይዎ ሳይበርድ ይዘምራል።"

ክዳኑን ከፈትሁ። ምነው እጄን በቆረጠው! አምፕሊፋየሩ የሚያድረው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከጧፉና ከዝክሩ ዳቦ ጎን ነው። የመሸንቲ ገበያ የማይችለው በረሮ ጧፉን ግጦ፣ ሙቀቱን ወዶ፣ ከነልጅ ልጁ ሰፍሮበታል። እንቁላል፣ የረገፈ ክንፍ፣ የተጋገረ ኩስ። ሽታውማ ፀሐይ የመታው የዓሣ አንጀት ሽቶ ነው ያሰኛል።

ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ መካከል አንዲት ሬዚስተር ተሰንጥቃለች። የተሰነጠቀች በመለኪያ አትለካም፤ ያለው ምርጫ ቀለሟን አንብቦ መሰሏን መተካት ነው። በረጅም መቆንጠጫ ነቅዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ በአንድ ዓይኔ አየኋት። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ። አራት መቶ ሰባ ኦም! መሰሏን በየድሁና ሶኬቱን ሰካሁ።

ጭሱ ጣራ ነካ።

"ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ "እኔ ያመጣሁት ማይክ ነው፤ የዕጣን ጽና አይደለም።"

የነቀልኋትን አሮጌ ሬዚስተር አንስተው በጥፍራቸው ፈቀፈቋት። ሦስተኛው መስመር ተቀርፎ ወደቀ፤ ከሥሩ ደማቅ ቀይ ወጣ። ቡናማ ብዬ ያነበብሁት የበረሮ ኩስ ነበር! ሬዚስተሯ አራት ሺህ ሰባት መቶ ኦም ኖራለች፤ እኔ አንድ አሥረኛዋን ተክቼ አዲሷን አቃጠልኋት። ከኩስ የተነበበ ቁጥር! አሁን ሳስበው እንኳ እጄን ልታጠብ ይለኛል።

የጀልባው ጡሩምባ ተነፋ። መሪጌታ ብድግ አሉ። "ቶሎ በል እንጂ!"

ትክክለኛዋን ይዤ ጎንበስ ስል አንዱ በረሮ፣ ጣት የሚያህል፣ ጢሙን እያወዛወዘ ወደ እጄ መጣ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ራሴን ወንበር ላይ ቆሜ ሳገኘው ነው። መሪጌታ ሳቃቸውን እየዋጡ በጭራቸው በረሮውን ጠራርገው አወረዱልኝ፤ እኔም በየድሁ። ሶኬቱ ተሰካ። ማይኩን አፋቸው ላይ አድርገው "እህም" ሲሉ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱት ሁሉ ዞሩ።

ማይኩን ሳያወርዱ ጠየቁኝ፦

"ልጄ፣ ወንበር ላይ የወጣኸው ተጸይፈህ ነው ወይስ ፈርተህ?"

ፈርቼ ነው። በረሮ እፈራለሁ፤ ሁለተኛዋን ሬዚስተር የበየድሁትም ከወንበሩ ሳልወርድ፣ እዚያው ተንበርክኬ ነው።