ወንዝ ያሻገረው ቤት

የማኅተም ቀለም ሽታ ባፍንጫዬ ሲገባ ካለሁበት ጥዬ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ወልድያ ላይ ለአንድ ተራ ማስረጃ ተሰልፌ፣ ጸሐፊው ማኅተሙን ወደ አፉ አስጠግቶ «ሃህ» ብሎ ተንፍሶበት ወረቀቱ ላይ ሲጫነው፣ ያ የቀለምና የትንፋሽ ድብልቅ ደረሰብኝና ወረቀቴን ሳልቀበል ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ባለ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ «እህት፣ አሞሻል እንዴ? ሆስፒታል ላድርስሽ?» አለኝ። አልታመምኩም ነበር፤ ሀብሩ ያለው ቤታችን ነው የመጣብኝ። ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያስቡ ፈገግ ይላሉ፣ የእኔ ሲመጣ ግን ያቅለሸልሸኛል።

ቤታችን ከመርሳ ወጣ ብሎ አንድ ወንዝ ዳር ነበር። በበጋ ፍየል ጉልበቷ ሳይረጥብ የምትሻገረው፣ በክረምት ግን ከጋራው ድንጋይና ግንድ እየገፋ የሚወርድ፣ ሲወርድም የሚያገሳ ወንዝ ነበር። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያለው አገር ጋራ ነው፣ እርሻው እንደ ልጅ ጥብቆ ጠባብ ነው፣ ሰዉም ነገሩን ቆጥቦ ይናገራል። በስተ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ነው፣ ማሽላና ማንጎ ይበቅልበታል፣ ሰዉም ከሩቅ እየጮኸ ሰላምታ ይለዋወጣል። መንግሥት ለሁለቱ ቀበሌዎች የራሱ ስም ነበረው፣ እኛ ግን ጋራው ቀበሌና ሜዳው ቀበሌ እንላቸው ነበር። ድንበራቸው ወንዙ ነበር፣ ቤታችንም የጋራው ነበር።

አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ወንዙ ከቤታችን በታች የነበረውን መንገዱን ትቶ፣ ከላይ በጓሯችን በኩል ሰብሮ ወረደ። ጠዋት ስንነሳ የድሮው ወንዝ ጠጠርና የሚገማ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ዝንብ ወርሷቸው ነበር። ቤታችን ካለበት ንቅንቅ ሳይል ወንዝ ተሻገረ። የጋራው ሊቀመንበር አቶ ሁሴንና የሜዳው ሊቀመንበር አቶ በላይ ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው፣ አንደኛው «ድንበሩ የድሮው ነው»፣ ሌላኛው «ወንዝ ማለት ውሃ ያለበት ነው» ሲሉ ቆይተው፣ ለበላይ አካል እንጽፋለን ተባብለው ተለያዩ። ከሁለቱ አንዳቸውም መጻፋቸውን አላውቅም።

በዚህ ነገር የተደሰተው አባቴ ይማም ብቻ ነበር። አባቴ ሰርግ ላይ ሰው የሚከበው፣ ሰውን አስቆ ራሱ የማይስቅ፣ አፉ ከእግሩ የፈጠነ ሰው ነበር። በጥር ጋራው ቀበሌ ለእርከን ሥራ ሕዝቡን ሲያስወጣና ተቆጣጣሪው በራችን ሲመጣ፣ «እኔማ ምን ላድርግ፣ ውሃው የሜዳ ሰው አደረገኝ» ይል ነበር። ሜዳው ቀበሌ የመስኖ ቦይ ሊያስጠርግ ሲመጣ ደግሞ የመሬት ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ፣ «ይኸው የጋራ ማኅተም፤ በሰው አገር ቦይ ብጠርግ አያሳፍርም?» ይል ነበር። ቤተሰብ የሚመዘግቡት ሲመጡም ለሁለቱም እንዲሁ እያለ ይሸኛቸው ነበርና፣ ስማችን በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። እንዲያውም ገጥሞበት ነበር፦

«ከጋራ አልወለድ፣ ከሜዳ አልዳር፣
ወንዙ ነው ዘመዴ፣ እሱው ይመስክር።»

መንደሩ በሙሉ ይችን በቃሉ ይዞ ይስቅ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ቃልን ከቃል መግጠም የተማርኩትም ከእሱ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። የማትስቀው እናቴ ጦይባ ብቻ ነበረች። «የትም ያልተጻፈ ሰው አለ ይባላል?» ትለው ነበር። «በአላህ ዘንድ ተጽፈናል» ይላታል። «ክትባት የሚሰጠው አላህ አይደለም፣ ቀበሌ ነው» ትለዋለች። ታናሽ እኅቴ ሐያት ስትወለድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሁለቱንም ቀበሌ ዝርዝር አይታ ስላጣችን፣ በራችንን አልፋ ሄደች። እናቴ የዚያን ዕለት አባቴን አላናገረችውም፤ እሱም ያን ዝምታ ራሱ ቀልድ አድርጎ ለጎረቤት አወራው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጦርነቱ በክረምት መጣ። በአስፋልቱ ላይ ከቆቦ በኩል ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ አሮጊት ያዘለ ሰው እየጎረፈ ወደ ውርጌሳ ያልፍ ነበር። ሁለቱም ቀበሌዎች ሌሊት መንደር የሚጠብቅ የሮንድ ተራ አወጡ። አባቴ እንደ ልማዱ ለጋራው ሜዳ ነኝ፣ ለሜዳው ጋራ ነኝ ብሎ አመለጠ፣ የእሱን ተራ ጎረቤታችን አያ ሰይድ ደርቦ ያዘ። አያ ሰይድን በደረበው ቀን አስፋልቱ ድልድይ አጠገብ ጥይት መታው። ሬሳው በቃሬዛ ሲመጣ አባቴ ከሁሉ ቀድሞ መቃብር ሊቆፍር ወረደ፣ ከሁሉም በላይ ቆፈረ፣ የአያ ሰይድ ሚስት እትዬ ዘሀራ ግን ከቆመችበት ሆና የሚቆፍርበትን እጅ ብቻ ታይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን እጅ የተጸየፍኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ታጣቂዎች ገቡ። ሊቀመንበሮቹ ወደ ደሴ ሸሹ፤ አቶ ሁሴን ማኅተሙን በካልሲው ውስጥ ደብቆ ነው የሄደ ይባል ነበር። ወፍጮ ቆመ፣ ስልክ ጠፋ፣ ጨው እንደ መድኃኒት በቁንጥር ይሰጥ ጀመር። በጥቅምት ሁለት ወጣት ታጣቂዎች ግቢያችን ገብተው ያለችንን አንዲት ፍየል ከችካሏ ሲፈቱ፣ አባቴ ፈገግ ብሎ «ልጆቼ፣ የየት ቀበሌ ድርሻ ነው የምትሰበስቡ? እኔ እኮ በመካከል ነኝ» አላቸው። አንደኛው ገመዱን እጁ ላይ እየጠቀለለ «እኛ ወንዝ አንቆጥርም፣ አባት» አለው። አባቴ የፍየሏን ባዶ ችካል ነቅሎ ወደ ቤት ገባ።

ማሽላው ደርሶ ማንም ደፍሮ ሳያጭደው ቀረ። ነፋስ ከእርሻው በኩል ሲመጣ ምን እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም ግን ስሙን የማይጠራው ክርፋት ይመጣ ነበር፤ ወፎቹ ብቻ ጠግበው መብረር እስኪያቅታቸው ወፍረው ነበር። የእናቴ ጡት ደረቀ። ሐያት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት መቆም ተወች፣ ጸጉሯ እንደ በቆሎ ጭራ ቀላ፣ እግሯ አብጦ ጣት ሲያርፍበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀር ነበር። ማልቀስም ተወች። የሚያስፈራው ይኸኛው ነበር።

በታኅሣሥ መንግሥት ተመለሰ፣ ሊቀመንበሮቹም ተመለሱ፣ ስንዴም በመኪና መጣ። ለሕፃናት ፋፋ ዱቄት አለ ተባለ። እናቴ ሐያትን አዝላ፣ አባቴ ከፊት፣ እኔ ባዶ ጆንያ ይዤ ጋራው ቀበሌ ሄድን። አቶ ሁሴን የጫት ቅጠል ከከንፈሩ ዳር ለጥፎ፣ ረጅሙን የትንሽ ጣቱን ጥፍር በዝርዝሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ነዳውና «ይማም የሚባል የለኝም» አለ።

«ሊቀመንበር፣ አያውቁኝም እንዴ?»

«አውቅሃለሁ እንጂ። ውሃው የሜዳ ሰው አድርጎህ የለ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሜዳው ቀበሌ ስንሄድ አቶ በላይ ገና ሳንናገር «የመሬት ደብተርህን ይዘህ መጣህ?» አለው፣ እዚያም ተሳቀ። አንዱ ከኋላ «ወንዙ ነው ዘመዴ!» ብሎ ጀመረ፣ ሌሎቹ ጨረሱለት። አባቴ አብሮ ሊስቅ ሞከረ። እናቴ ሐያትን ከጀርባዋ አውርዳ በሁለት እጇ ወደ ላይ አንስታ «ሳቃችሁን ተዉትና ይችን እዩ!» አለች። እትዬ ዘሀራ ከሰልፉ መሐል፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ልጅቷስ ምን አጠፋች፤ የሮንዱ ቀን የት ነበርክ፣ ይማም?» አለችው። አቶ በላይ «ልጅቷ ታሳዝናለች፣ ግን ዝርዝሩ ታትሟል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ከማይ፣ በጥፊ ቢመታን እመርጥ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የድሮው ወንዝ ጠጠር ላይ አባቴ በድንገት ቆመና ፊቱ በራ። እናቴ የሜዳ ተወላጅ ናት፣ የሟች አባቷ ጎጆ እዚያው አለ፣ ባል ለሌላት እማወራ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣል። «እፈታሻለሁ፣ ለወረቀት ያህል» አላት። እናቴ ሐያትን እያየች «እሺ» አለች።

ሼህ አደም ነገሩን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ይማም፣ ጋብቻና ፍቺ በቀልድም ቢወጡ የምር ናቸው። ተጠንቀቅ።»

«ሼሃችን፣ ልጅቷ እየሞተች ነው።»

«እሱንማ አያለሁ» አሉና መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱ። «እንግዲያስ ስማኝ። አንዴ ፈትቻታለሁ ካልክ፣ ዒዳዋ፣ የመጠበቂያ ጊዜዋ፣ ሦስት ወር ገደማ ነው። ሳያልቅ መልሻታለሁ ካልክ ትመለሳለች። ካለፈ ግን እንደ ባዕድ ሽማግሌ ልከህ፣ እሷም ወድዳ ነው።»

«ወላሂ፣ በሳምንቱ እመልሳታለሁ!» አለ አባቴ፣ በሁለት ምስክር ፊትም ቃሉን ተናገረ፣ ተናግሮም እኔን በዓይኑ ጠቀሰኝ። እናቴ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

በማግሥቱ አቶ በላይ ፊት አባቴ እንዳስጠናኝ አልኩ። «አባትሽ የታለ?» ሲለኝ «ትቶን ሄደ» አልኩ። አባቴ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ሆኖ እያየን ነበር፤ አቶ በላይም ጫማውን ሳያየው አልቀረም፣ እኔም አየሁት፣ ቃሉ ግን ያለ ምንም መንተባተብ ነው የወጣልኝ፤ የሚያስጠላኝም መውጣቱ ሳይሆን እንዴት ቀና ብሎ እንደወጣ ነው። «ጦይባ፣ እማወራ፣ ሦስት ቤተሰብ» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን ተንፍሶበት መታው። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ማንበብ ሳትችል፣ ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝና በጣቷ ነካችው።

ስንዴው ነቀዝ የበላው ነበር፣ በላነው። ፋፋውን ሐያት በላች። አባቴ በየዙሩ ጆንያ ይዞ ከድሮው ወንዝ ማዶ ይመጣና ድርሻውን ሰፍሮ ይወስድ ነበር። በየካቲት ሐያት ቆመች፣ ጸጉሯም ከሥሩ ጠቆረ። እናቴ በገባንበት በአባቷ ጎጆ ጓሮ ጎመን ተከለች፣ የጤና ሠራተኛዋም በስሟ ጠርታት ሐያትን ከተበችላት። «መቼ ነው የምትመልሰኝ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሁለቴም «አንድ ዙር እንቀበልና» አላት፣ ከመለሳት ከዝርዝሩ ትወጣለችና። ሼህ አደምም ሰው ልከው አስታወሱት። «ሼሃችን ሂሳብ አያውቁም» ብሎ ሳቀ።

ዒዳው አለቀ። በበልጉ ዝናብ ማብቂያ፣ አራተኛውን ዙር ስንዴ በወሰደ በአምስተኛው ቀን፣ አባቴ ሁለት ሽማግሌና አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ፣ ታጥቦ፣ ሰርገኛ መስሎ መጣ። እናቴ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጠች፣ ውሃ ሰጠች፣ ራሷ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ጦይባ፣ በይ እቃሽን ያዢ» አለ አባቴ።

«ይማም» አለች፣ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፣ «ጋራው ሲጠራህ ሜዳ ሆንክ፣ ሜዳው ሲጠራህ ጋራ ሆንክ። እኔ ሁለቴ ጠራሁህ፣ ስንዴ ሆንክ። እኔ እዚህ ተጽፌአለሁ፣ ልጆቼም ተጽፈዋል። አልመለስም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንደው ለልጆቹ ሲባል፣ እናቴ» ሲሉ፣ «ለልጆቹ ሲባል ነው፣ አባባ» አለቻቸው። አባቴ ሳቀ። ዙሪያውን እያየ አብሮት የሚስቅ ፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቅሁለትም። ስኳሩን ደጃፍ ላይ ትቶት ሄደ፤ እናቴ ለጉንዳን እንዳይሆን ብላ ለእትዬ ዘሀራ ላከችላት።

አሁን እናቴ በቀበሌው ስብሰባ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፣ ሐያት ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ አልፎ አልፎ ከወልድያ ስመጣ የድሮውን ወንዝ ጠጠር እሻገርና አባቴ ጋ እደርሳለሁ፤ ሽበቱ ወጥቷል፣ ቤቱ ያልታጠበ ድስትና የአይጥ ሽታ ይሸታል፣ ቀልዱን ይጀምርና መሐሉ ላይ ይረሳዋል። እሱን እጸየፋለሁ፣ በካልሲ የሚዞረውን ማኅተም እጸየፋለሁ፣ ያን ስንዴ እጸየፋለሁ፤ ያለዚያ ስንዴ ግን እኅት አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት ባለሙያዎች መጥተው ድንበሩን ለክተው የሲሚንቶ ችካል አቆሙ፣ አባቴም በመጨረሻ ተመዘገበ። ያኔ በዚያ ቤት አራት ሰዎች እየኖርን መዝገቡ ማንም የለም ይል ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው አለ ይላል፣ ልክ ነው።