ለአባ ኮዳ ያጨበጨበው ዘበኛ

ባዬን የማያውቅ የሐዋሳ ወፍ የለም። ሰው ግን አያውቀውም ነበር፤ ከሐይቁ ዳር ያለውን ጥብቅ ረግረግ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዱላ አይዝም። መሣሪያው ሁለት መዳፉ ነው። ፊላ አጫጅ ሲገባ ያጨበጭባል፣ ከብት ሲገባ ያጨበጭባል። አባ ኮዳ የሚሉት ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ግዙፍ ወፍ የሰው ዓሣ ሲዳፈርማ፣ ባዬ አንዴ ካጨበጨበ እስከ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ያለ ወፍ ሁሉ ይነሣል፤ ታቦር ተራራ ላይ የተሰጣ ልብስ በክንፋቸው ነፋስ ይደርቃል።

ታዲያ መንገድ መጣ። የመንገዱ አስተባባሪ አቶ ታደሰ እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ ቁጭ ብለው ማኪያቶ እያማሰሉ ከተማ የሚያስውቡ ሰው ናቸው። አስፋልቱን በረግረጉ መሀል አሰመሩት። «ጥብቅ ስፍራ እኮ ነው» ቢሏቸው፣ «ምትክ ይሰጠዋል!» አሉ። ምትኩ ከከተማ ውጭ ያለ ያረጀ የድንጋይ ካባ ነው።

ረግረጉ ዳር ድንኳን ተተክሎ ውይይት ተጠራ። በእኛ ዘንድ ውይይት ማለት ተናጋሪው እስኪደክመው ጠብቆ፣ አጨብጭቦ፣ ምሳ መብላት ነው። ያጨበጨበ ተስማማ። ይህን የሚያውቀው ባዬ የሐይቁን ዓሣ አጥማጆች አስቀድሞ መክሯቸዋል፦ «ሞታችሁ እንዳታጨበጭቡ! ካላጨበጨብን ረግረጉ ይተርፋል።»

አቶ ታደሰ ተነሡ። «ካባው የረግረጉ እጥፍ ነው! የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም ክረምት ያመጣዋል። ወፎቹ ክንፍ አላቸው፣ ይብረሩ!»

«የረግረጉ ጉማሬዎችስ?» አለ ባዬ።

«እነሱ በምዕራፍ ሁለት ይታያሉ። አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ!»

ንግግሩ አለቀ። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። የአቶ ታደሰ ግንባር ማላብ ሲጀምር አንድ አባ ኮዳ ተንጎራዶ ገባና ለምሳ የተሰቀለውን ሥጋ ነከሰ።

የባዬ እጅ ባዬን አላማከረም። ጧ! ጧ! ጧ!

ዓሣ አጥማጆቹ ተያዩ። ምክሩ የተለወጠ መስሏቸው ድንኳኑን በጭብጨባ አናጉት።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አሉ አቶ ታደሰ።

«ኧረ ወፉን ነው! ወፉን ላባርር ነው!»

«ጎሽ፣ ወፉም ተስማምቶ ወጥቷል።»

ማታ ሚስቱ ታቢታ ጠበቀችው። «እኛ ቸርች የምናጨበጭበው ለጌታ ነው። አንተ ለአስፋልት? ለእኔስ አንድ ቀን አጨብጭበህልኝ ታውቃለህ?»

ባዬ ከረግረጉ ጋር ወደ ካባው ተዛወረ። እዚያ ድንጋይና ሁለት እንሽላሊት ይጠብቃል፤ አንደኛው እንሽላሊት መልቀቂያ አስገብቷል ይባላል።

መንገዱ ሊመረቅ ሲል ግን ስለ ምትኩ ያልተነገራቸው አባ ኮዳዎች በሙሉ መጥተው የሞቀው አስፋልት ላይ ተገተሩ፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጥሩምባ ቢነፋ፣ ድንጋይ ቢወረወር ወይ ፍንክች! ባዬን በመኪና አስመጡት።

«ጋሽ ባዬ» አሉ አቶ ታደሰ፣ አንቱታው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «እባክዎ አንድ ጊዜ ያጨብጭቡልን።»

ባዬ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። «እኔ ካጨበጨብኩ ይጸድቃል። ዛሬስ መጀመሪያ ወፎቹ ይወያዩበት።»

አቶ ታደሰ ቢቸግራቸው ራሳቸው አጨበጨቡ። ወፎቹ ዘወር ብለውም አላዩዋቸው። አጃቢዎቻቸው ግን መንገዱ የተመረቀ መስሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡና ወደ ምሳው ሄዱ።

ይሄኔ አባ ኮዳዎቹ ተነሥተው ተከተሏቸው።