የባሕር ወንበዴዎቹ ፊልምና የእኔ ሳንባ

ሳሉ የጀመረኝ ወንበዴዎቹ የባሕር ኃይሉን መርከብ ሰብረው ሲገቡ ነው። ቢቸና ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ መኮንኑ ያለውንም ወንበዴው የመለሰውንም በአማርኛ የምጮኸው እኔ ነበርሁ። ያልገባኝን ከራሴ እጨምርበታለሁ፤ ማን ያውቅብኛል። ሳሉንም የጩኸት ነው ብዬ ናቅሁት። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጠቅጥቄ፣ ሰው ጢም ባለበት ቤት ሁለት ወር ሳልሁ።

አንድ ቅዳሜ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ፈራሁ። ሞጣ ሄጄ አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ።

«የሳንባ ቲቢ ነው። መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከወሰድህ ትድናለህ» አለኝ ሐኪሙ። «አብሮህ በአንድ ክፍል የሚውል ማን አለ?»

«ባለቤቴ ብቻ» አልሁ።

ዋሸሁ። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ነው።

ባለቤቴ ተመርምራ ነጻ ሆነች። ፊልም ማጫወቻው ዴክ ተበላሽቷል ብዬ ለአንድ ወር ቤቱን ዘጋሁና በየጧቱ ቢቸና ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ፊት፣ ክኒኔን እውጥ ጀመር። ከክኒኖቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚሉት፣ ሽንት ያቀላል፤ አትደንግጡ። ቀስ በቀስ እህል ጣመኝ፣ ሌሊት ሌሊት ያጠምቀኝ የነበረው ላብም ተወኝ። ቤቱን ስከፍት ግን አያ ዳምጤ ሲያስሉ ሰማሁ። ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባሕር አይተው ስለማያውቁ ያንን ፊልም እያስደገሙ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣሉ።

መርከቦቹ መድፍ ሊተኳኮሱ ሲሉ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። «ቲቢ ይዞኝ ነበር። እዚሁ ስስልባችሁ ከርሜያለሁ። የምታስሉ ተመርመሩ።»

ተመልካቾቹ አንድ በአንድ ወጡ።

አያ ዳምጤ ተገኘባቸው። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ።

«ምነዋ ቶሎ ብትነግረን?» አሉኝ። «በል፣ ጧት ጧት እየመጣህ ጥራኝ፤ ብቻዬን እረሳዋለሁ።»

የእኔ ስድስት ወር ካለቀ በኋላም የእሳቸው እስኪያልቅ በየጧቱ በራቸውን እያንኳኳሁ፣ መንገድ ላይ ስለ ባሕሩ የሚጠይቁኝን እየመለስሁ፣ ቀስ ብለን አብረን እንሄድ ነበር። ዛሬ ሁለታችንም ደኅና ነን። ፈጣሪንም፣ ሐኪሙንም፣ ያቺን ትዕግሥተኛ ነርስም አመሰግናለሁ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ለራሴ መድኃኒት አግኝቼ ነው ከሌላው የሸሸግሁት። አብሯችሁ የሚውለውን ሲጠይቋችሁ አንድም ሰው አታስቀሩ። እኔ አስቀርቻቸው የነበሩት ሰው ይቅር ብለውኛል።