ጋሽ ዱሬሳና ጾመኞቹ ዓሣዎች

ጋሽ ዱሬሳ ከባቱ ወደ አሜሪካ፣ ሲታክ ከተማ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ አንድ ጥቅል ክርና ቡሽ ላይ የተሰኩ ስምንት መንጠቆዎች ነበሩ። ልጃቸው ዘይቱና ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ ሄዳ አረጋውያን ስትረዳ ስለምትውል፣ አባቷን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እሳቸው ደግሞ ስለ ዓሣ ካልሆነ ብዙም አያወሩም። ስለዚህ ተስማማን።

አርባ ዓመት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥምደዋል። ቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ ክር የቆረጠው ቀጭን ጠባሳ አለ። ሻይ ሲጠጡ ያንን ጣት ከብርጭቆው ያርቁታል።

ከመምጣታቸው በፊት ለጓደኛቸው ለሊበን «የአሜሪካን ዓሣ ይዤ ፎቶ እልክልሃለሁ» ብለው ቃል ገብተው ነበር። ሊበን ደግሞ ወሬውን ሐይቁ ዳር ላለው አጥማጅ ሁሉ አዳረሰው። አሁን በየቀኑ ይደውላል።

«እንዴት ነው ዱሬሳ፣ ዓሣው ቪዛ ከለከለህ?» ይላቸዋል፤ ከኋላው የሌሎች ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ዱሬሳም አብረው ይስቃሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ያያሉ። የመመለሻቸው ቀን ሐሙስ ነበር።

ሮዝ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዛችን የሚወጣው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ተራው ደርሷል። ዘይቱና የማጥመጃ ፈቃድ አወጣችላቸው፣ ዘንግም ገዛችላቸው። ጠዋት ጠዋት ኬንት፣ ግሪን ሪቨር የሚባለው ወንዝ ድረስ የሚወስደን እሴይ ነው። እሴይ የኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጋሽ ዱሬሳ መንጠቋቸው ላይ ጉበት ሰኩ። «የኛ ሐይቅ አምባዛ በዚህ ነው የሚያልቀው። ዓሣ የሚያዘው በሆዱ ነው» አሉ። ዓሣዎቹ ከውሃው እየዘለሉ ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ፤ ጉበቱን የነካው የለም። በሁለተኛው ቀን በዘይት የተለወሰ ሊጥ አመጡ፣ በሦስተኛው ቀን የዶሮ ቆዳ።

«ቅቤና ሚጥሚጣ ጣል ያድርጉበት፤ ክትፎ ይወዱ ይሆናል» አለ እሴይ። «ነገርኩዎት እኮ ጋሽ ዱሬሳ! እነዚህ ወንዝ ከገቡ አይበሉም። እንቁላል ሊጥሉ ነው የሚወጡት። ሶ፣ ምግቡን ይተዉትና ሉር ያድርጉ።»

ሉር የሚለው የውሸት ማጥመጃውን ነው፤ አንዳንዱ ዓሣ፣ አንዳንዱ ማንኪያ ይመስላል፣ ላባ ያለውም አለ። አንድ ሳጥን ሙሉ አለው።

«የማይበላ ዓሣ የለም! አንተ ስትነዳ ኖረህ እኔን ዓሣ ልታስተምረኝ?»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል ነበር፤ እርስዎ እኮ ዘንዶም አላወጡም!»

እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ሌሎቹን አያለሁ። ሦስቱን ቀን አሥራ አንድ ሰው ዓሣ ሲያወጣ ቆጥሬአለሁ፤ ክራቸው ጫፍ ላይ ምን እንዳለም አይቻለሁ። ግን የዕድሜ ልክ አጥማጅን እንዲህ ያድርጉ ለማለት አፈርኩ።

ረቡዕ የመጨረሻው ቀን ነበር። ጋሽ ዱሬሳ ዘንጋቸውን አስቀመጡ። ከፔርሙዝ የወተት ሻይ ቀድተው ዘረጉልኝ።

«ጾም ነው ጋሽ ዱሬሳ፤ ፍልሰታ» አልኳቸው።

«ውይ! አፉ በሉኝ እትዬ ሥራዬ። ለጾመኛ ወተት ማቅረብ!» ብለው እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ። ወንዙን አዩ። «እነዚህም ጾመኞች ናቸዋ» አሉ ቀስ ብለው።

«እሴይ እንዳለው ከሆነ፣ አዎ።»

«እንግዲያ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ጾመኛ ፊት ጉበት፣ ሊጥ፣ ቆዳ ሳንጠለጥል ነው የከረምኩት! ፊቱን ያዞራል እንጂ ምን ያደርጋል?» ሳቃቸው መጣ። «ግን ጾመኛ ሲነካኩት ይቆጣል። ባለቤቴ፣ አላህ ይማራትና፣ በረመዳን ማታ ማታ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል፣ ሰሃን በማንኪያ ካንኳኳሁባት ነጠላ ጫማዋን ትወረውርብኝ ነበር። እሴይ! ሳጥንህን አምጣ። ይሄን ዓሣ ማብላት አይደለም፤ ማናደድ ነው!»

ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ቀለበት መራጭ አንድ በአንድ አነሱ። ትልቁን አረንጓዴ አዩት። «ይሄ ያስፈራል። የፈራ ይሸሻል እንጂ አይቆጣም።» ብርማውን ማንኪያ ፀሐይ ላይ አሽከረከሩት። «ይሄ ያምራል። አይተው ያልፉታል።» ትንሿን፣ ላባ ያላትን ደማቅ ሮዝ ደግሞ «ይቺ የሙሽራ ጥፍር ናት» ብለው መለሷት።

«እሷን ያድርጉ ጋሽ ዱሬሳ» አልኩ። «ዓሣ ካወጡት አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ ያሰሩት እሷን ነው።»

«እትዬ ሥራዬ ይናገራሉ እንዴ!» አለ እሴይ።

ጋሽ ዱሬሳ እኔን አዩ፣ ሮዟን አዩ። በጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ላባዋ ተንቀጠቀጠ። «ትንሽ፣ ደማቅ፣ እረፍት የሌላት። አፍንጫ ላይ እየተመላለሰች እንደምታርፍ ዝንብ!»

ራሳቸው አሰሯት። ቢስሚላህ ብለው ወረወሩ፤ ከፍ አደረጓት፣ ለቀቋት፣ ከፍ አደረጓት። ምንም የለም። ሁለተኛ ወረወሩ። ምንም። በሦስተኛው ዘንጉ ጎበጠ።

«ተቆጣ!» ብለው ጮኹ። «ተቆጣልኝ!»

ዓሣው ወደ ታች ተፈተለከ፣ የዘንጉ ክር ማጠንጠኛ ጮኸ፣ እሴይ መረቡን ይዞ ጫማውን ሳያወልቅ ውሃ ገባ። እኔም ባልዲዬን ጥዬ ተነሥቻለሁ፤ «ቀስ! ቀስ!» እያልኩ ስጮኽ የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም። ሲወጣ ጀርባው የጎበጠ ወንድ ዓሣ ነበር፤ ሮዟ ከንፈሩ ላይ ተሰክታለች። ጋሽ ዱሬሳ በሁለት እጃቸው አቅፈውት ቆሙ፤ ፎቶውን እኔ አነሳሁ። እንዳይበላሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ነው ያነሳሁት።

ማታ ዘይቱና ግማሹን ጠበሰችው። የእኔን ድርሻ ጋሽ ዱሬሳ በወረቀት ጠቅልለው «ለጾም መፍቻ» ብለው ፍሪዘሬ ውስጥ አስቀመጡልኝ። እሴይ ሮዟን መረቀላቸው፤ ከስምንቱ መንጠቆዎች ጎን ቡሹ ላይ ሰክተዋት ሐሙስ ሄዱ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ከባቱ ደወሉ።

«ዓሣው ጣፈጠ?»

«በጣም። ሮዟስ እዚያ ሠራች?»

«የኛ አምባዛ አይቆጣም፤ ጉበቱን ብቻ ነው የሚፈልገው» አሉ። «እነ ሊበን ግን ፎቶውን አፍንጫቸው ላይ ሳመላልስባቸው ይኸው ሦስት ቀናቸው፤ አንድም ሳይቀር ተቆጥተው ተይዘውልኛል!»